የብሩስ ሻማና የዳክዬ ጠመንጃ

ሚኒሶታ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ባለፈው እሑድ ደወለልኝ። የሥራ ባልደረቦቹ ለዳክዬ አደን ጋብዘውታል፤ ጠመንጃ ሊገዛ ነው። ከፊል አውቶማቲክ እንዲሆን ወስኗል። የቀረው ጥያቄ «በጋዝ የሚሠራው ይሻለኛል ወይስ በኢነርሺያ የሚሠራው?» የሚል ነበር። የጠመንጃ አሠራር ሥዕል ይዤ ስመራመር እያየ ስላደገ ነው እኔን የጠየቀው። ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ይህን ለእናንተም መንገር አለብኝ አልኩ፤ ምክንያቱም የመልሱ መነሻ እዚሁ ጎንደር፣ ሰፈራችን ነው።

ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ያለውን የእቴጌ ምንትዋብን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲገባ ፈንጣጣ ቤተ መንግሥቱ ድረስ ዘልቆ ስለነበር፣ የታመሙትን እያከመ እዚያው ቁስቋም ተቀመጠ። ብሩስ ጥሩ ተኳሽ ነበር። በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ገብረ መስቀል ከሚባል የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመድ ጋር በተኩስ ጉዳይ ክርክር ገጠመ። በክርክሩ መሐል የእኔ ጠመንጃ የሞራ ሻማ ቢጎርስ እንኳ ያንተ በብረት ጥይት ከሚሠራው የበለጠ ይሠራል አለ። ወሬው ዓፄ ተክለ ሃይማኖት ዘንድ ደረሰና ንጉሡ አሳየኝ አሉት። ብሩስ ግማሽ ሻማ አጎረሰና ተኮሰ። ሻማው ሦስት ጋሻ በሳ።

አስማት የለበትም። ሻማ ለስላሳ የሚሆነው ለመጨፍለቅ ጊዜ ሲያገኝ ነው። በዚያ ፍጥነት ሲወረወር ግን ቅርጹ ሳይበላሽ ጋሻውን አልፎ ይሄዳል። የሚበር ነገር የሚይዘው ጉልበት ክብደቱ እጥፍ ሲሆን እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ቀላሏ ሻማ ክብደት ያጣችውን በፍጥነት አካካሰች። አንድ ድካም ግን አለባት፤ ቀላል ነገር አየር ቶሎ ያዝለዋል። ጋሻው መቶ እርምጃ ርቆ ቢቆም ኖሮ ብሩስ ያፍር ነበር። ይህችን ሻማ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጎንደሬ ጠመንጃ ያውቃል። የፈረንሳዩን ግራ «ውጅግራ»፣ የእንግሊዙን ስናይደር «ሰናድር»፣ የኦስትሪያውን ማንሊከር «ምንሽር» ብሎ የራሱ ያደረገ ሕዝብ ነው። እነዚህ ሁሉ ግን አንድ ጥይት ወደ አንድ ነጥብ የሚልኩ ናቸው። የወፍ ጠመንጃ ሌላ ፍጥረት ነው። አፈሙዙ ውስጡ ልሙጥ ነው፤ ካርቱሹ ውስጥ የታጨቀው ምስር የሚያካክል ጠጠር ነው። ለዳክዬ በሚሆን አንድ ካርቱሽ ውስጥ ከ150 በላይ ጠጠር ሊኖር ይችላል፤ ሲተኮስ እንደ ንብ መንጋ እየሰፋ ይሄዳል።

ለምን መንጋ? አብረን እናስላ። ዳክዬ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢበር በሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ጠጠሩ በአማካይ በሴኮንድ 300 ሜትር ቢሄድ 30 ሜትር ላይ ለመድረስ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ዳክዬው ከሁለት ሜትር በላይ አልፏል! ዳክዬው ላይ ያነጣጠረ ሰው የሚመታው ዳክዬው የነበረበትን ባዶ አየር ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ፣ ከወፏ ጋር አብሮ እየዞረ፣ ከፊቷ ቀድሞ መተኮስና ቃታውን ስቦም መዞሩን አለማቆም ያስፈልጋል። አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ ትንፋሽ ይዞ፣ ረግቶ መተኮስ የለመደ የምንሽር ሰው እዚህ ላይ አመሉን መተው አለበት። የአክስቴን ልጅ ከምንም በላይ ያስጠነቀቅሁት ይህን ነው።

ወደ ጥያቄው ልምጣ። ከፊል አውቶማቲክ ማለት ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ የሚተኩስ፣ ግን ቀለሁን ራሱ አውጥቶ ቀጣዩን ካርቱሽ ራሱ የሚያጎርስ ማለት ነው። የመጀመሪያውን የተሳካ የዚህ ዓይነት የወፍ ጠመንጃ የፈለሰፈው አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ነው። ታሪኩ ደስ ይለኛል። ከዊንቸስተር ጋር በክፍያ አልተስማሙም፤ ወደ ሬሚንግተን ሄደ። በጥር 1902 እ.ኤ.አ. ከኩባንያው ፕሬዚዳንት ቢሮ ደጃፍ ተቀምጦ ሲጠብቅ ሰውዬው በልብ ሕመም መሞታቸው ተነገረው። ንድፉን ይዞ ባሕር ተሻገረና ቤልጅየም፣ ኤርስታል ለሚገኘው ፋብሪክ ናሲዮናል ሰጠ፤ «አውቶ 5» ተብሎ ወጣ። ይህ ፋብሪካ ለእኛ ባዳ አይደለም፤ ከጣልያን ወረራ በፊት ለኢትዮጵያ ማውዘር የሸጠ ነው። አያቶቻችን «ቤልጅግ» የሚሉት ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከዚያው አገር ነው።

ዛሬ ገበያውን የያዙት ሁለት መንገዶች ናቸው። የጋዙን ክላሽ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፦ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ በአፈሙዙ ላይ ባለች ቀዳዳ ወጥቶ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይወስዳል። የኢነርሺያው ግን ልዩ ነው። ወደ ቁስቋም ዳገት የምትወጣ ባጃጅ ድንገት ስትነሣ ምን ትሆናላችሁ? ባጃጇ ወደ ፊት፣ ጀርባችሁ ወደ ኋላ። ጠመንጃውም ሲተኮስ ወደ ትከሻ ይረግጣል፤ ውስጡ ያለው ከባድ የመዝጊያ አካል ግን ባለበት መቆየት ይፈልጋል። በመካከላቸው ያለች ጠንካራ ሞላ ትጨመቃለች፤ ከዚያ ተፈናጥራ መዝጊያውን ወደ ኋላ ትወረውረዋለች። ፒስተን የለም፣ የጋዝ ቀዳዳ የለም። በዚህ መንገድ የታወቀው የጣልያኑ ቤኔሊ ነው።

ታዲያ የትኛው? ኢነርሺያው ቀላል ነው፤ ጥቀርሻው ከአፈሙዝ ስለሚወጣ ውስጡ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ለጭቃና ለብርድ ተመራጭ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ጋዙ ጥቀርሻ ይሰበስባል፤ በሚኒሶታ ብርድ ዘይቱ ሲረጋ ሊይዝ ይችላል፤ ግን ርግጫው ለስለስ ያለ ነው። እኔ ለጀማሪ ጋዙን እመርጣለሁ። የተረገጠ ትከሻ በሚቀጥለው ተኩስ ይሸሻል፤ የሸሸ ትከሻ ደግሞ ይስታል። ማጽዳት በአንድ ምሽት ይለመዳል፤ መሸሽ ከለመዱ በኋላ መተው ግን ዓመታት ይወስዳል።

መጠኑን ባለ 12 ቁጥር በለው አልኩት። ቁጥሩ የመጣው አፈሙዙን ልክ የሚሞሉ 12 የእርሳስ ድብልብሎች አንድ ፓውንድ ስለሚመዝኑ ነው፤ ስፋቱ 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ማጉረሻው 76 ሚሊ ሜትር ካርቱሽ የሚቀበል ይሁን፤ 89ኙ ለጀማሪ ከርግጫ በቀር ብዙ አይጨምርም።

አሁን ወደ ሻማችን። አሜሪካ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውሃ ወፎች አደን የእርሳስ ጠጠርን በመላ አገሪቱ ከልክላለች። ዳክዬ ምግቧን የምትፈጭበት ጠጠር ከጭቃ እየለቀመች ስለምትውጥ፣ ያልመታት እርሳስ በሆዷ ገብቶ ይገድላታል። ምትኩ ብረት ነው። የእርሳስ ጥግግት ከውሃ 11 እጥፍ ሲበልጥ ብረት ግን ወደ 8 ነው፤ ቀላል ነው፣ እንደ ሻማው። ስለዚህ በፍጥነት ይወረወራል፤ እንደ ሻማውም ቶሎ ይዝላል። የብረት ጠጠር የያዘ አዳኝ መጠኑ ተለቅ ያለ ፍሬ መርጦ ዳክዬዋ እስክትቀርብ ይታገሣል። 30 ሜትር ጥሩ ነው፤ 50 ሜትር ላይ ማቁሰል እንጂ መግደል አይሆንም፤ የቆሰለች ወፍ ሸምበቆ ውስጥ ገብታ ስትሞት ማሰብ ያመኛል።

እኛ ጋ ዳክዬና ዝይ ከማዕድ አይገቡም፤ የደጋው አዳኝ ቆቅና ጅግራ ነው የሚፈልገው። በበጋ ደንቢያና ፎገራ ወርዳችሁ ጣና ዳር ብትቆሙ ግን ከአውሮፓና ከእስያ የመጡትን ታያላችሁ፤ አፉ እንደ ማንኪያ የሰፋው፣ ጅራቱ እንደ ወስፌ የሾለው። እነሱን ለማየት ጥሩ ባይነኩላር ይበቃል።

ለአክስቴ ልጅ መጨረሻ ላይ የነገርኩት የሱቅ ፈተና ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ራስህ አረጋግጥ። ዓይንህን ጨፍን፣ ሰደፉን ትከሻህና ጉንጭህ ላይ አድርግ፣ ከዚያ ክፈት። ዓይንህ በአፈሙዙ ጀርባ ላይ ቀጥ ብሎ ጫፉን ካየ ልክህ ነው፤ አንገትህን አጣምመህ ከፈለግከው ስሙ የፈለገውን ያህል የገነነ ቢሆን መልሰው። ደግሞ በሸሚዝ አትሞክረው፤ ወፍራም ጃኬት ሰደፉን ያስረዝመዋል፣ አንተ ደግሞ የምትተኩሰው በብርድ ነው።

ቅዳሜ ይሄዳል፤ ጃኬቱን ለብሶ።