ጅቡ የት ይሂድ?

እናቴ ባለፈው ዓመት ልትጠይቀኝ ዌምብሊ መጥታ ነበር። በመጣች በሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሏት በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ አደረች። ጠዋት ቁርስ ላይ "ልጄ፣ ያ የጓሳ ቀበሮ እዚህ ምን ይሠራል?" አለችኝ። ያየችው የለንደንን ቀበሮ ነው። በየሌሊቱ እየመጣ የቆሻሻ ከረጢታችንን ይዘረግፋል፤ ማለዳ ተነሥቶ የዶሮ አጥንት ከአስፋልት ላይ መልቀም የእኔ ሥራ ነው። ይህን ስነግራት ሳቀች። ጥቂት ቆይታ ግን "ጅቡስ የት ነው የሚያድረው?" ብላ ጠየቀችኝ። እንግሊዝ አገር ጅብ የለም አልኳት። "ታዲያ የሞተውን ማን ያነሣዋል?" አለች።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ሙያዬ የፍሳሽና የደረቅ ቆሻሻ አወጋገድ ምሕንድስና ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በእሱ ነው፤ እንጀራዬንም የምበላው በእሱ ነው። እንዲህም ሆኖ ጅብን የአወጋገዱ ሥርዓት አንድ አካል አድርጌ አስቤው አላውቅም ነበር።

ጥያቄው የመጣበትም ጊዜ አጋጣሚ ነበር። ለንደን የምንኖር የአንድ ወረዳ ተወላጆች መንዝ ውስጥ ላለችው ትንሽ ከተማችን ገንዘብ እያዋጣን ነበር። ዕቅዱ ከከተማዋ ጫፍ ያለውን ክፍት የቆሻሻ መጣያ አጥሮ በአፈር መሸፈን፣ ሥጋ ቤቶችም አጥንትና አንጀቱን ገደል መወርወራቸውን እንዲያቆሙ ማድረግ ነው። ንድፉን እንዳወጣ የተመደብኩት እኔ ነኝ። በስብሰባው ላይ አንድ ወንድማችን "በዚያው ከጅቡም እንገላገላለን" ሲል ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ዛሬ ግን ያን ጭብጨባዬን መልሼ መውሰድ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቴንም ላስረዳ።

እኛ አጥር ሠርተን ልንፈጥረው ያሰብነውን ሁኔታ የኢትዮጵያ ሕዝብ በየዓመቱ ሳያስበው ይፈጥረዋል። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀን ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ቄራው ጸጥ ይላል፣ ከየጓሮው የሚጣል አጥንት ይጠፋል። ሰው ሲጾም ጅቡ ምን ይበላል? የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ትግራይ ውስጥ ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከፋሲካ በኋላ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ ያለው ፀጉር የየትኛው እንስሳ እንደሆነ መረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘው ከመቶ በ15 ያህሉ ናሙና ውስጥ ነበር፤ በሁዳዴ ወደ 33 ከፍ አለ፤ ጾሙ ሲፈታ ወደ 22 ግድም ወረደ። የቄራው ትራፊ ሲቋረጥበት ጅቡ ፊቱን ወደ አህያ አዞረ ማለት ነው።

እንግዲህ መጣያውን በአንድ ቀን ስንዘጋ በከተማዋ ዳርቻ ላይ ፋሲካ የሌለው ሁዳዴ እያወጅን ነው። ጅቡ ቆሻሻው ተከደነ ብሎ አገር ለቅቆ አይሄድም። መንጋው በሴቶች የሚመራ፣ ክልሉን የሚጠብቅ፣ እስከ ልጅ ልጅ እዚያው የሚኖር ነዋሪ ነው። በሌሊት ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ያገኘውን ይበላል። የሚያገኘውም በረት የሌለውን ሰው አህያ ነው።

አህያ ምን እንደሆነች ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት ሳይኖርብኝ አይቀርም፤ ብዙዎቻችን ከተማ ነው ያደግነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ የእኛን አህያ ጅብ በላት። በደጅ ታስራ ነበር። አባቴ ድምፁን ሰምቶ ዱላ ይዞ ሲወጣ ሆዷ ተዘርግፎ ነበር። ከዚያ ሌሊት በኋላ ለሁለት ክረምት ያህል ውኃው በእናቴ ጀርባ፣ እህሉ ወደ ገበያ በአባቴ ትከሻ ሆነ። እኔም ከወንዝ ውኃ ለመቅዳት ስል ከትምህርት ቤት ብዙ ቀን ቀርቻለሁ። ሎንቺናችን የነበረችው እሷ ናት፤ መድን ደግሞ አልነበራትም። ስለዚህ ጅብን እንድወድ የሚመክረኝ ሰው ቢመጣ በትዕግሥት የምሰማው አይመስለኝም። የማወራው ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ ሌላም ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት በመቀሌ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ሬሳና ትራፊ እንደሚበሉ ገምቷል። በዚህም በዓመት አምስት ሰዎችንና 140 ከብቶችን፣ በጎችንና ፍየሎችን ከአባ ሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ እንደሚያድኑ ያሰላል። ግምት ነው፤ ሆኖም በየዕለቱ ከግማሽ ቶን በላይ ማለት ነው። ይህን የሚያነሣ መኪና ከነነዳጁና ከነሹፌሩ ግዙ ቢባል የእኛ ማኅበር መዋጮ ስንት ወር እንደሚያስኬደው በወረቀት አስልቼዋለሁ። አያስኬደውም። እናቴ "ማን ያነሣዋል?" ያለችው ይህንኑ ነው።

ለመሆኑ ይህን የሚያህል አገልግሎት የሚሰጥ አውሬ በእኛ ዘንድ ስሙ ለምን እንዲህ ከፋ? አንበሳን በገንዘባችንና በባንዲራችን ላይ ስለነዋል። በዱር የቀረው ግን ጥቂት ነው፤ አላጥሽ ውስጥ አንበሳ በካሜራ መታየቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም ዜና እስከመሆን ደርሷል። አብሮን የሚያድረው ጅብ ግን የሆዳምና የከሃዲ ምሳሌ ነው። ይህ ክፉ ስም ደግሞ በጅቡ ላይ ብቻ አልቀረም። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቤተ እስራኤሉን "ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል" እያልን ከማዕድ አግልለናል፣ ጋብቻ ነፍገናል። ብረት የሚያውቁትን ሰዎች በጅብነት ስንከስ ኖረን ኢንዱስትሪ ለምን ዘገየብን ብለን ጉባኤ እንጠራለን። እኔም ከብረትና ከቧንቧ ጋር የምውል ሰው ነኝ፤ በአያቴ ዘመን ቢሆን ኖሮ ምን እባል እንደነበር አውቀዋለሁ።

ሐረር የተሻለ አስባለች። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት በጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚሹለክባቸው ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሉ። ሌሊት ገብቶ መንገዱን ይጠርጋል፣ ሲነጋ ይወጣል። በአሹራ ዕለትም ገንፎ ይቀርብለታል። ለቱሪስት የሚታየው፣ ሥጋ በእንጨት አንጠልጥሎ ጅብ ማብላቱ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ነው፤ እኔን የሚማርከኝ ቀዳዳው ነው። ጅቡ በየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚመጣ ታውቋል። በእኛ ሙያ ይህ ንድፍ ይባላል።

መንዝም የራሷ ነበራት። ጓሳን የሚጠብቀው የቀሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ይዘጋል፣ በቀኑ ይከፍታል፣ የጣሰውን ይቀጣል። ደንቡ የወጣው ለቤት ክዳንና ለግጦሽ ሲባል እንጂ ስለ ቀይ ቀበሮ ያሰበ አልነበረም። ሣሩ ስለተጠበቀ አይጡ ኖረ፤ አይጡ ስለኖረ ቀይ ቀበሮው ከበጉ ይልቅ አይጡን እያደነ ከእረኛው ጋር ተቻችሎ ኖረ። እ.ኤ.አ. የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን መልሷል። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም፤ ከሰው ዱላ ይልቅ የሚፈጀው ከመንደር ውሾች የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ይህን የምለው ምዕራባውያን ያስተማሩን መስሎት የሚቆጣ ካለ አይቆጣ። እነሱማ ተኩላቸውንም ሊንክሳቸውንም ከጨረሱ ዘመናት አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ማንነቱ ያልታወቀ ሰው አራት ሊንክስ ስኮትላንድ ውስጥ ቢለቅ አገሩ በዜና ተናወጠ፤ በቀናት ውስጥ ሁሉም ተያዙ፣ አንዱም ሞተ። አራት ድመት መሳይ! የእኔ አጎት በአንድ ሌሊት ከዚያ የሚበልጥ ጅብ ከደጁ ያባርራል። እዚህ ዌምብሊም እ.ኤ.አ. የ1924ቱ የእንግሊዝ ግዛት ኤግዚቢሽን ዓርማ አንበሳ ነበር፤ ከፈረሱት ሕንፃዎች የተረፈ የኮንክሪት አንበሳ ራስ ዛሬም ይታያል። ከኮንክሪት አንበሳ ጋር መኖር ቀላል ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ ያቀረብኩት አዲስ ንድፍ ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል። መጀመሪያ በረት፦ በከተማዋ ዳር ላሉ አህያ ላላቸው ቤተሰቦች በድንጋይ የታጠረ፣ ጣሪያና ጠንካራ በር ያለው። ቀጥሎ ለውሾች የእብድ ውሻ ክትባት። መጣያው የሚከደነው ከዚያ በኋላ ሲሆን እሱም ቀስ በቀስ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። የሥጋ ቤቱ ትራፊ ከመኖሪያና ከምንጭ ርቆ በአንድ በታወቀ ቦታ ይጣላል፤ ሌሊት ሕፃናት የሚያልፉበት መንገድም መብራት ይገባለታል። ጅብ ሰውን አይነካም የሚል የዋህነት የለኝም፤ ደጅ የተኛን ሰውና ሕፃንን ይነካል። ተርቦ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ይነካል።

ስብሰባው አልተስማማም። ግማሹ "ገንዘባችንን ለጅብ ቀለብ ልታደርገው ነው?" አለኝ። ድምፅ የሚሰጠው ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያው የበረቱን ንድፍ እያሻሻልኩ ነው። እናቴ አገር ቤት ከተመለሰች በኋላ በስልክ ሳነብላት አንድ ስሕተት አገኘችብኝ። በሩን ወደ ውስጥ የሚከፈት አድርጌው ነበር። "ወደ ውጭ አድርገው እንጂ" አለችኝ፤ "ጅብ እኮ በግንባሩ ይገፋዋል።"