በጾም ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን

በረመዳን ልጆቻችንን ይዘን ድሬ ሼህ ሁሴንን ብናሳይስ የምትሉ የአሰላ ቤተሰቦች አላችሁ። ታሪኩ መታየት ይገባዋል። ዋቢ ሸበሌን ተሻግሮ በባሌ የሚገኘው ይህ ስፍራ፣ በአካባቢው እስልምናን ያስፋፉት ሼህ ሁሴን መቃብር ያለበት ነው። ነጫጭ ጉልላቶች አሉት። ከአርሲ ጫፉ መንታ የሆነ ዱላ ይዘው በእግር የሚሄዱ አያቶች ነበሩን።

ግን ቆላ ነው። የአሰላን ብርድ የለመደ ጾመኛ በቀትር ፀሐይ ያለ ውሃ ሲዞር ይደክማል። አላህ በሱረቱል በቀራህ መንገደኛ እንዲያፈጥርና በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዷል። ታዲያ በዕድሜ የገፉ እናት ‹‹ሰው ምን ይለኛል›› ብለው ለምን ይሰቃያሉ?

እኔ ከዒድ በኋላ ያለውን ጉዞ እመርጣለሁ። የግድ ከሆነ እዚያው አድራችሁ ፀሐይ ሳይበረታ ጎብኙ። ዱዓ የሚደረገው ለአላህ ብቻ መሆኑን ለልጆቹ ሳትገቡ ንገሯቸው።