ጅረቱ ብቻውን አያበራም፦ በማኅበረሰብ ስለሚተዳደር አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ

ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ርቀው በሚገኙ ብዙ የገጠር አጥቢያዎች ከተራራ የሚወርድ፣ በበጋም የማይነጥፍ ውኃ አለ። በዚያው አጥቢያ ግን ሌሊቱ በኩራዝና በባትሪ ያልፋል፤ እናቶች እህል ተሸክመው ወደ ሩቅ ወፍጮ ይጓዛሉ፤ በጤና ኬላው ክትባት የሚያቆይ ማቀዝቀዣ አይገኝም፤ የአብነት ተማሪውም ጀምበር ስትጠልቅ መጽሐፉን ይዘጋል። ስለዚህ «ወንዛችን መብራት ሊሰጠን አይችልምን?» የሚል ጥያቄ በሰበካ ጉባኤያት መካከል መነሣቱ ተገቢ ነው። መልሱም በብዙ ቦታ «ይችላል» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ወንዙ የመልሱ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ውኃውን፣ ገንዘቡንና መሣሪያውን በአደራ የሚጠብቅ ማኅበር ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ለማስረዳት እንሞክራለን።

አሠራሩ እንዴት ነው?

አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ የምንለው በአብዛኛው ከ5 እስከ 100 ኪሎ ዋት የሚያመነጨውን ነው። ታላቅ ግድብና ሰፊ ሐይቅ አያስፈልገውም። ከጅረቱ በትንሽ ግንብ የተጠለፈው ውኃ በቦይ ይጓዛል፤ በመንገዱ ላይ በሚሠራ ገንዳ ውስጥ ፍጥነቱ ሲቀንስ አሸዋውና ደለሉ ወደ ታች ይዘቅጣል። ከዚያም ከቁልቁለቱ አናት ወዳለው ሁለተኛ ገንዳ ይገባል፤ ቅጠልና ጭራሮ በብረት ፍርግርግ ከተያዘ በኋላ ውኃው በቧንቧ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ያለው ተርባይን በውኃው ግፊት ይሽከረከራል፤ ተርባይኑ ጄኔሬተሩን ያዞራል፤ ውኃውም ሥራውን ፈጽሞ ወደ ጅረቱ ይመለሳል። የቆየውን የውኃ ወፍጮ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም።

በእነዚህ ማመንጫዎች በብዛት የሚሠራበት ክሮስፍሎው የተባለው የተርባይን ዓይነት ነው። ይህ ተርባይን በመካከለኛ ብረታ ብረት ቤት ሊሠራ የሚችል ሲሆን፣ የውኃው መጠን ሲቀንስም ብዙ ሳይዳከም መሥራት ይችላል። ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ክፍል የጭነት መቆጣጠሪያው ነው። ሌሊት ሰው ሁሉ መብራቱን አጥፍቶ ሲተኛ ተርባይኑ የሚሸከመው ስለሚያጣ ከልክ በላይ መሽከርከር ይጀምራል። መቆጣጠሪያው የተረፈውን ኃይል ውኃ ውስጥ ወደተነከረ ማሞቂያ በመላክ ፍጥነቱንም ሆነ የኤሌክትሪኩን መጠን በልኩ ያቆያል። ይህ መሣሪያ ተበላሽቶ ሳለ ማመንጫውን ማሠራት የቤቱን ሁሉ አምፖልና ሬዲዮ ማቃጠል ነው።

በአገራችን ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑ ሥራዎች አሉ። በሲዳማ በጎቤቾ፣ በኤረርቴና በሐጋራ ሶዲቻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ የተተከሉት ማመንጫዎች አቅማቸው ከ7 እስከ 55 ኪሎ ዋት ሲሆን፣ ተጠቃሚዎቹም በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተዋል።

ከመሐንዲሱ በፊት ምን ልንለካ እንችላለን?

ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት የአጥቢያው ሰዎች ሁለት ነገሮችን ራሳቸው ሊለኩ ይችላሉ፤ እነርሱም የውኃው መጠንና የሚወርድበት ከፍታ ናቸው። ትንሽ ጅረት ከሆነ ውኃውን በቆርቆሮ ወይም በቱቦ ሰብስቦ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ ማስገባትና እስኪሞላ ድረስ ሰከንድ መቁጠር ነው። በርሜሉ በ5 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 40 ሊትር ውኃ አለ ማለት ነው። ከፍታውን ለመለካት ደግሞ ግንበኞች ልክ የሚያዩበት በውኃ የተሞላ ቀጭን ቱቦና አንድ የተለካ ዘንግ ይበቃል፤ ከቁልቁለቱ አናት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየለኩ መውረድና መደመር ነው።

ከዚያም የሰከንዱን ሊትር በሜትሩ ከፍታ፣ ውጤቱንም በ5 ብናባዛ በዋት የሚገኘውን ኃይል በግምት እናውቃለን። ከላይ የተጠቀሰው ጅረት 25 ሜትር የሚወርድ ቢሆን 40 በ25 ሲባዛ፣ እንደገናም በ5 ሲባዛ 5,000 ዋት ወይም 5 ኪሎ ዋት ይሆናል። በውኃው ውስጥ ያለው ኃይል ከዚህ እጥፍ ያህል ቢሆንም፣ ግማሹ ያህል በቧንቧው፣ በተርባይኑ፣ በጄኔሬተሩና በመስመሩ ይባክናል።

ልኬቱ የሚወሰድበት ጊዜ ከልኬቱ አያንስም። በነሐሴ የተለካ ወንዝ በሚያዝያ አይገኝም። ስለዚህ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ ውኃው እጅግ ባነሰበት ወቅት፣ ደጋግሞ መለካትና በመዝገብ ማስፈር ያስፈልጋል። ባለፉት ዓመታት ጅረቱ ደርቆ ያውቅ እንደሆነም የመንደሩን አረጋውያን መጠየቅ ይገባል።

ለሕዝቡ ቃል ከመግባት በፊት

በ5 ኪሎ ዋት ምን ይሠራል? ለምሳሌ ያህል 60 ቤቶች ለአምፖል፣ ለሬዲዮና ለስልክ መሙያ እያንዳንዳቸው 40 ዋት ቢጠቀሙ 2,400 ዋት ይሆናል። ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ኬላውና ለቤተ ክርስቲያኑ 800 ዋት ቢመደብ፣ 1,800 ዋት ለመጠባበቂያ ይተርፋል። ቀን ቀን መብራት ስለማያስፈልግ ኃይሉን ለወፍጮ ማዋል ይቻላል፤ ወፍጮውን በቺንጋ ከተርባይኑ ጋር በቀጥታ ማያያዝም የታወቀ አሠራር ነው። ቀን ለወፍጮ፣ ማታ ለመብራት የተከፋፈለ ማመንጫ ገቢውም አገልግሎቱም የተሻለ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ በግልጽ ሊነገር ይገባል። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ አንዱ ብቻ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። በ5 ኪሎ ዋት ማመንጫ ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ምጣድ ቢያሰኩ የመንደሩ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ አነስተኛ ማመንጫ እናቶችን ከማገዶ ሸክም አያሳርፍም፤ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን የማስፋፋቱ ሥራ ጎን ለጎን መቀጠል አለበት። ይህ ሳይነገር ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ቦይ ቆፍሮ፣ ገንዘብ አዋጥቶ ሲያበቃ ምጣዱ እንደማይሞቅ ቢረዳ፣ የሚያዝነው በማሽኑ ሳይሆን ቃል በገቡለት አባቶችና የኮሚቴ አባላት ነው።

የውኃው ባለመብቶች

ማመንጫው ውኃውን አይጨርሰውም፤ ወደ ጅረቱ ይመልሰዋል። ይሁን እንጂ ከመጥለፊያው እስከ መመለሻው ባለው ርቀት የጅረቱ ውኃ ይቀንሳል። በዚያ መካከል በመስኖ የሚያለማ ገበሬ፣ ከብት የሚያጠጣ እረኛ፣ ውኃ የምትቀዳ እናት ካሉ ጉዳቱ የእነርሱ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውኃ ከሌላ አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ እንዳለው ደንግጓል። ስለሆነም የመስኖው ተራ፣ በጅረቱ ላይ ሳይጠለፍ የሚቀረው ውኃ መጠንና ማመንጫው የሚቆምበት ሰዓት ከቁፋሮው በፊት በጽሑፍ ስምምነት ሊወሰኑ ይገባል። ጸበል ያለበትን ምንጭና የጥምቀተ ባሕሩን ስፍራ ደግሞ መጥለፊያው እንዳይነካቸው ካህናቱ ከመጀመሪያው ጥናት ጀምሮ ለባለሙያው ማመልከት አለባቸው።

ውኃው ከየት እንደሚመጣም አንርሳ። ተራራው ከተራቆተ በክረምት ጎርፍና ደለል፣ በበጋ ደረቅ ጅረት ይተርፋል፤ ቦዩ በአሸዋ ይሞላል፤ ተርባይኑም በደለሉ ይበላል። ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የጠበቀችው የአጸድ ደን በብዙ ቦታ የምንጭ ጠባቂ ነው። ማመንጫ ለመትከል የሚያስብ አጥቢያ ከቧንቧው በፊት ከምንጩ በላይ ያለውን ተፋሰስ በእርከንና በአገር በቀል ዛፍ ቢጠብቅ፣ ለራሱ መብራት ዋስትና ገዛ ማለት ነው።

ማሽኑን የሚያቆመው ምንድን ነው?

በየአገሩ የቆሙ ማመንጫዎችን ስንመለከት፣ ብዙ ጊዜ የብልሽቱ መነሻ ትንሽ ነገር ሆኖ ይገኛል፤ ቅባት ያልተደረገለት ኩሽኔታ፣ የላላ ቺንጋ፣ ያልጸዳ ፍርግርግ። ኩሽኔታ መግዣ ገንዘብ ሲታጣ፣ ወይም ያለውን ገንዘብ ማን እንደሚያወጣ ክርክር ሲነሣ፣ የጥቂት ቀን ጥገና የዓመት ጨለማ ይሆናል።

ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገውን ጥበብ ሕዝባችን በእድሩና በሰበካ ጉባኤው ያውቀዋል። መዋጮ በጊዜው መሰብሰብ፣ በደረሰኝ መቀበል፣ ገንዘቡን በሁለትና በሦስት ሰው ፊርማ ማውጣት፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሂሳብ ማሳወቅ ለማንም አዲስ አይደለም። የሚከተሉትን አራት ነጥቦች ግን በተለይ አጥብቀን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ክፍያው በዘፈቀደ አይተመን። የሠራተኞቹ ደመወዝ፣ የቅባቱ፣ የኩሽኔታውና የቺንጋው ወጪ፣ እንዲሁም ለትልቅ ጥገና በየዓመቱ የሚቀመጠው ተደምሮ፣ ከወፍጮው የሚጠበቀው ገቢ ተቀንሶ፣ ቀሪው ለቤቶቹና ለ12 ወራት ይካፈል። ገበሬው ገንዘብ የሚያገኘው ከአዝመራ በኋላ ስለሆነ የዓመቱን ከኅዳር እስከ ጥር መክፈል ለሚሻ መንገዱ ይከፈትለት። አቅም የሌላቸውን አረጋውያንና ደካሞች በተመለከተ ማኅበሩ በግልጽ ይወስን፤ በዝምታ የሚታለፍ ዕዳ ሌላውንም ከፋይ ያስቀራል።

ሁለተኛ፣ የማመንጫው ሂሳብ ከሙዳየ ምጽዋትና ከቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ገንዘብ ፈጽሞ የተለየ ይሁን። ማመንጫው የመንደሩ ሁሉ ነው። የሌላ እምነት ተከታይ የሆነው ጎረቤት ድንጋይ እንደተሸከመ፣ እኩል ከፍሎ እኩል ሊበራለት፣ በኮሚቴውም ሊመረጥ ይገባል። ለዚህ የሚስማማው አደረጃጀት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የሚመዘገብ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ማስተባበር፣ ማስታረቅና በአደራ መቆም ነው።

ሦስተኛ፣ ማሽኑን የሚያሠሩ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይሠልጥኑ፤ ደመወዛቸውም ይከበር። አንድ ወጣት ብቻ ሠልጥኖ ወደ ከተማ ቢሄድ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ፍርግርጉን ማጽዳት፣ ደለሉን ማስወጣት፣ ኩሽኔታውን ቅባት መስጠትና ይህንንም በመዝገብ መጻፍ የዕለት ሥራቸው ይሁን። ገንዘብ ያዡና የማሽኑ ሠራተኛ አንድ ሰው አይሁኑ።

አራተኛ፣ በኮሚቴው ውስጥ ሴቶች ይኑሩ። የወፍጮው ደንበኞች እነርሱ ናቸው፤ ወፍጮው በየትኛው ቀንና ሰዓት ቢሠራ እንደሚሻል፣ በበዓላት ምክንያት የትኞቹ ቀናት ባዶ እንደሚሆኑ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ዋናው መስመር ቢመጣስ?

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመሩ ውጭ ባሉ አማራጮች ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «መስመሩ ወደ እኛ መቼ ይደርሳል?» የሚለው ሲሆን፣ መልሱን ከወረዳው አስተዳደርና ከኤሌክትሪክ አገልግሎት በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። በስሪላንካ በመንደር ማኅበራት የተሠሩ ብዙ ማመንጫዎች ዋናው መስመር ሲደርስ ተትተዋል። በኔፓል ግን በኑዋኮት የሚገኘው 23 ኪሎ ዋት የስያውሬቡሚ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2018 ከዋናው መስመር ጋር ተገናኝቶ ኃይል መሸጥ ጀምሯል። መስመሩ ቢመጣም ወፍጮውን በውኃው ማሠራት ይቻላልና፣ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ በማኅበሩ ደንብ ውስጥ ከመጀመሪያው ቢገባ መልካም ነው። ኃይል አመንጭቶ ለመሸጥ ፈቃድ ስለሚያስፈልግም የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንን መመሪያ አስቀድሞ ማየት ያሻል።

ከወዴት እንጀምር?

የተከበራችሁ አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ መጀመሪያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በዚህ በጋ አንድ በርሜል፣ አንድ ቱቦና አንድ መዝገብ ይዛችሁ ጅረታችሁን ለኩ፤ ቤቶቹን ቁጠሩ፤ በውኃው የሚጠቀሙትን ሁሉ በአንድ ጉባኤ ሰብስባችሁ አነጋግሩ። ገና ማሽን ሳይታይ ለስድስት ወር ትንሽ መዋጮ ሰብስባችሁ ተመልከቱ። መዋጮው ሳይቋረጥ ከተሰበሰበና ሂሳቡ ያለ ክርክር ከተነበበ፣ ለባለሙያና ለረጂ ድርጅት ከማመልከቻ የበለጠ ማስረጃ በእጃችሁ አለ። መዋጮው ከተቋረጠም ያወቃችሁት ገና ሲሚንቶ ሳይቦካ ነው፤ ጉድለቱን አርማችሁ በሚቀጥለው በጋ ለመጀመር ጊዜ አላችሁ። ጅረቱ እስከዚያ ድረስ መውረዱን አያቋርጥም።