ሂሳቡን ማን ይክፈል? ከእንግዳ ወዳጅ ጋር የማምሸት ያልተጻፈ ሕግ

ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ሳምንታት የአዲስ አበባ ነዋሪ ስልክ ከወትሮው በላይ ይጮኻል። ደዋዩ ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም፣ ከዱባይ፣ አለዚያም ከዚሁ ከሐዋሳና ከባሕር ዳር ብቅ ያለ የድሮ ወዳጅ ነው። «መጥቻለሁ፤ አንድ ማታ ወጣ ብለን እንጫወት» ይላል። ተደዋዩ ደስ ይለዋል። ነገር ግን በደመወዝ የሚተዳደር ከሆነ ስልኩን ገና ሳይዘጋ አንድ ጥያቄ በሆዱ ይመላለሳል። የት እንሂድ የሚለው አይደለም፤ የምሽቱን ሂሳብ ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

ጥያቄው ጥቃቅን ይመስላል። ሆኖም በዚህ ጥያቄ ምክንያት የወዳጁን ስልክ የማያነሳ፣ «ከከተማ ውጪ ነኝ» የሚል፣ ወይም «በሚቀጥለው ስትመጣ» እያለ ዓመት የሚያሳልፍ ሰው ጥቂት አይደለም። ሃያ እና ሠላሳ ዓመት የቆየ ወዳጅነት በአንድ ምሽት ሂሳብ ምክንያት ሲቀዘቅዝ ዝም ብሎ ማየት ደግ አይደለም። ስለዚህ ሂሳብ የሚከፈልበትን ሕግ፣ የተጻፈውንም ያልተጻፈውንም፣ መመልከቱ ይጠቅማል።

የተጻፈው ሕግ ምን ይላል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ግብዣ የተለየ ምዕራፍ የለውም። ቢሆንም ለጠረጴዛ ዙሪያ ክርክር የሚሆኑ አንቀጾች አያጣም። ቁጥር 1896 እንደሚለው አንድን ዕዳ አብረው የተበደሩ ሰዎች፣ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር፣ በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው። ይኸውም ባለገንዘቡ ከፈለገ ሙሉውን ዕዳ ከአንዱ ብቻ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። አብረው አዝዘው አብረው የበሉ ሦስት ወዳጆች በዚህ ዓይን ቢታዩ፣ ሁለቱ ቀድመው ወደ ቤታቸው ቢሄዱ ሦስተኛው ወዮለት።

ሕጉ ከቁጥር 2427 ጀምሮ ስጦታን ሲደነግግ ውል ያደርገዋል። ውል ከሆነ ደግሞ የሁለት ወገን ፈቃድ ይፈልጋል። ሰጪው «በእኔ ነው» ሲል ተቀባዩ «በፍጹም አይሆንም» ካለ በሕግ ዓይን ገና የተቋቋመ ነገር የለም። በየምግብ ቤቱ የምናየው የሂሳብ ደረሰኝ ንጥቂያ እንግዲህ ተቀባይነት ያጣ የስጦታ ሐሳብ ነው።

ሌላም አለ። በቁጥር 1682 መሠረት ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም። እዚህ ላይ ሕጉና ጠረጴዛው ይለያያሉ። በጠረጴዛው ሕግ ዝም ያለ ሰው ግብዣውን ተቀብሏል፤ ይከፈልለታል፤ ነገር ግን ዝምታው ለብዙ ጊዜ ይታወስበታል።

ያልተጻፈው ሕግ

ያልተጻፈው ሕግ ከተጻፈው የበለጠ ዝርዝር ነው። የመጀመሪያው ደንብ አገሬው ይጋብዛል የሚለው ነው። እንግዳው የመጣበት ከተማ ነዋሪ አስተናጋጅ ነው፤ እሱ በተራው ወደ እንግዳው አገር የሄደ ዕለት ነገሩ ይገለበጣል። ሁለተኛው፣ የጠራ ይከፍላል። ሦስተኛው፣ የሚጋበዘው ሰው ቢያንስ ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት አለበት። በመጀመሪያው «ልክፈል» ላይ ጸጥ ማለት ነውር ነው፤ «በሞቴ» እና «እኔ ልሙት» ከተባባሉ በኋላ መሸነፍ ግን ጨዋነት ነው። አራተኛው ደንብ የልምድ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ነው፤ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ተነሥቶ ገንዘብ ያዧ ዘንድ ሄዶ ሂሳቡን ዘግቶ መመለስ።

አምስተኛውና ዋነኛው ደንብ አለመቁጠር ነው። የየራስን መክፈል ለምሳ ሰዓት የሥራ ባልደረቦች ያገለግል ይሆናል፤ ከሩቅ ከመጣ ወዳጅ ጋር ግን ሳንቲም ድረስ ተካፍሎ መለያየት ሂሳቡን ብቻ ሳይሆን ግንኙነቱንም እንደ መዝጋት ነው። «ቀጣዩ በእኔ» ሲባል አንዱ ዘንድ ትንሽ ዕዳ ይቀራል፤ ያች ዕዳ ናት እንደገና የምታገናኘው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት ከውል የመነጨ ጥያቄ በመደበኛው በ10 ዓመት በይርጋ ይታገዳል። የግብዣ ዕዳን የሚያግድ ይርጋ ግን እስካሁን አልወጣም።

ምን ተለወጠ?

ይህ ያልተጻፈ ሕግ የቆመው ሁለቱ ወዳጆች ተራ በተራ መክፈል ይችላሉ በሚል ግምት ላይ ነው። ግምቱ አሁን ተናግቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር በላይ ሆነ። የአገሬው ደመወዝ በዚያው ፍጥነት አልሄደም። ስለዚህ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ሁለቱ የክፍል ጓደኞች አንድ ዓይነት ምግብ ቢበሉም የሚያነቡት ዋጋ አንድ አይደለም። ለአንዱ ተራ ራት የሆነው ለሌላው የሳምንት አስቤዛ ነው።

ዋጋው ደግሞ በምግብ ዝርዝሩ ላይ የሚያበቃ አይደለም። በብዙ ትልልቅ ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች በተጻፈው ዋጋ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። 1,000 ብር ያዘዘ ሰው በአገልግሎት ክፍያው 1,100፣ በታክሱ 1,265 ብር ይጠየቃል ማለት ነው። ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን «ታክስና አገልግሎት አይጨምርም» የምትል መስመር አስቀድሞ ማንበብ ጋባዡን ከድንጋጤ ያድነዋል።

ቦታውም ተለውጧል። አዲስ አበባ ለሁሉም ኪስ የሚሆን የምሽት ሰፈር የነበራት ከተማ ናት። በንጉሡ ዘመን ውቤ በረሃ ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው ሲያስገድድ፣ ምሽት ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአዝማሪ ቤቶቹ ካዛንቺስ ነበረ፤ የአንድ ቢራ ዋጋ የያዘ ሰው ገብቶ ማሲንቆ እየሰማ ያመሽ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ፣ ፈንዲቃን የመሰሉ ቤቶች ሥፍራቸውን ለቅቀዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣ ወዳጅ «ወደዚያችው ቤት እንሂድ» ሲል ቤቷ የለችም። የተረፈው አማራጭ ብዙውን ጊዜ ከቀድሞው ይወደዳል።

በአንጻሩ አንድ ነገር ተጨምሯል። በነጻ የሚገኝ ምሽት አለ። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ በቸርችል ጎዳናም ሆነ በመስቀል አደባባይ፣ መብራት ባለው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ማታ ማታ ቤተሰብ ይንሸራሸራል። ቀድሞ ከመሸ በኋላ በእግር መሄድ ያስፈራ በነበረበት መንገድ ዛሬ ሕፃናት በብስክሌት ሲዞሩ ይታያል። የፈረሰው እንዲረሳ ሳይሆን፣ ያለውን መጠቀም ስለሚገባ ነው ይህን የምለው።

ምሽቱን መከፋፈል

እንግዲህ መፍትሔው ምንድነው? እንደ እኔ አስተያየት ሂሳቡን ሳይሆን ምሽቱን መከፋፈል ነው። ባለፈው ጥር ከባሕር ማዶ ከመጣ የሕግ ትምህርት ቤት ጓደኛችን ጋር ሦስት ሆነን ያመሸነው እንዲህ ነበር። ገና በስልክ ሳለን ነገሩን ጨረስነው። «ሽርሽሩና ቡናው የእኔ፣ ሥጋው ያንተ፣ አዝማሪው የሦስተኛችን» አልኩት። «ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሚከፍለው?» ብሎ ሳቀ። «ከአገር የወጣህ እንጂ እንግዳ መች ሆንክ?» አልኩት። ተስማማ።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከአራት ኪሎ ተነሥተን በእግራችን ወደ ፒያሳ ወረድን። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፊት ለፊት ቆሞ የድሮውን ሰፈር በጣቱ ሲፈልግ ቆየ፤ ልብስ የሚያሰፋበት ቤት የቱ ጋ እንደነበር፣ ሲኒማ የሚገባበት መንገድ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያሰላስል ነበር። ቆመን ማኪያቶ ጠጣን። ይህ የእኔ ድርሻ ነበር፤ ኪሴን አልጎዳውም፤ ለእሱ ግን፣ ኋላ እንደነገረን፣ ከምሽቱ ሁሉ ይኸኛው ክፍል በለጠበት።

ቀጥሎ ሥጋ ቤት ሄድን። አሠራሩ እንደሚታወቀው ነው፤ ከተሰቀለው ሥጋ ያማረህን ትመርጣለህ፣ በኪሎ ታስመዝናለህ፣ ጥሬውንም ጥብሱንም ትናገራለህ። ጥብሱ በሸክላ ከነፍሙ፣ ከአዋዜና ከሰናፍጭ ጋር ይመጣል። የሥጋ ቤት ጥቅሙ ዋጋው በኪሎ አስቀድሞ መታወቁ ነው። እንግዳው የራሱ ድርሻ ስለሆነ ደስ እያለው አዘዘ፤ እኛም አልተሳቀቅንም።

ማሳረጊያው አዝማሪ ቤት ነበር። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በየጠረጴዛው ይዞራል፤ ስምህን፣ ከየት እንደመጣህ ጠይቆ ወይም ከመልክህ ገምቶ ግጥም ያወርድልሃል። አንተም «ተቀበል!» ብለህ ስንኝ ልትሰጠው ትችላለህ፤ ያልካትን ተቀብሎ በዜማ ይመልሳታል፤ ብዙ ጊዜ የምትላካት ወደ ሌላ ጠረጴዛ ወይም አጠገብህ ወዳለው ሰው ነው። ሽልማቱ ግንባሩ ላይ የሚለጠፍ ብር ነው። ስለዚህ ዝርዝር ብር ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የ200 ብር ኖት ብቻ በኪሱ ያለ ሰው በየስንኙ ይከስራል። ሦስተኛው ጓደኛችን «ተቀበል» ብሎ ይህችን በአዝማሪው ጆሮ አንሾካሾከ፤

ዶላር ይዞ መጥቶ ኪሱ ቢሞላበት፣
አገሬው ቀደመው ሂሳቡን ዘጋበት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እንግዳው ተነሥቶ ሸለመ። ሁላችንም የድርሻችንን ከፍለን፣ ማንም ለማንም ሳይቆጥር አመሸን።

ጥቂት ማሳሰቢያዎች

ቀጠሮ ሲይዙ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ማረጋገጥ ይገባል። እንግዳው ስልኩ ላይ የሚያየው የፈረንጁን ሰዓት ነው፤ «1 ሰዓት» ሲባል ከሰዓት በኋላ የደረሰ አለ። ረቡዕና ዓርብ ወይም በአጽዋማት ወራት ከሆነ መጾም አለመጾሙን ቀድሞ መጠየቅ ነው፤ አገር ቤት ሳለ የማይጾም ሰው በስደት ጾመኛ ሆኖ ይመጣል፤ ተቃራኒውም ያጋጥማል። ሙስሊምና ክርስቲያን ወዳጆች አብረው ሲወጡ ሥጋ ቤት ሳይሆን የጾም በያይነቱ ወይም ዓሣ ያለበት ቤት ሁሉንም በአንድ መሶብ ያቀርባል። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ትበርዳለች፤ ሹራብ አይረሳ። የጠጣ ሰው መኪናውን ትቶ ራይድ ወይም ፈረስ ይጥራ፤ የዚህኛው ሂሳብ ከሁሉም የረከሰ ነው።

በመጨረሻም ስለ ስልክ ክፍያ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የደረሰኝ ንጥቂያው መልኩን ቀይሯል፤ ከጠረጴዛው በታች በስልክ ከፍሎ የሚያሸንፍ አለ። በስምምነት በተከፋፈለ ምሽት ግን ይህን የመሰለ ሽምቅ ውጊያ አያስፈልግም። አስቀድሞ የተነገረ ነገር ማንንም አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በመጨረሻው ደቂቃ ኪስ ሲዳበስ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል አበው። የኑሮ ውድነቱን በአንድ ምሽት የምናቃልለው አይደለም። ነገር ግን ወዳጅ አገር ገብቶ ሲደውል ስልኩን አለማንሳት ከየትኛውም ሂሳብ ይከብዳል። እንግዳውም ከአገሬው የሚፈልገው ውድ ምግብ አይደለም፤ እሱን የመጣበት አገር አብዝቶ ያቀርብለታል። የሚፈልገው ከተማዋን የሚያሳየው፣ የድሮ ስሙን የሚጠራውና አብሮት የሚስቅ ሰው ነው። ይህ ደግሞ በዶላር አይመነዘርም፤ ታክስም አይታከልበትም።