ወደ ሰሜን የሚፈሰው የሄይ ወንዝና የበረዶ ጎርፍ ስጋቱ

በሰሜን ምዕራብ ካናዳ የሚገኘው የሄይ ወንዝ 702 ኪሎ ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ የተፋሰሱ ስፋት ወደ 48 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ወንዙ በግዙፉ የማኬንዚ ተፋሰስ ውስጥ ከሚገኙት ወንዞች አንዱ ነው።

ሄይ የሚነሳው በአልበርታ ክፍለ ግዛት ሰሜን ምዕራብ ከሚገኙ ረግረጋማ ስፍራዎች ነው። ወደ ምዕራብ ፈስሶ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከገባ በኋላ ታጥፎ ወደ አልበርታ ይመለሳል። በዚያም እ.ኤ.አ. በ1982 በራምሳር ስምምነት መሠረት የተመዘገቡት የሄይ-ዛማ ሐይቆች ይገኛሉ። ወንዙ የቺንቻጋ ገባርንም ተቀብሎ ወደ ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ያመራል።

በዚህ ግዛት 32 ሜትር ከፍታ ካለው የአሌክሳንድራ ፏፏቴ፣ ቀጥሎም 15 ሜትር ከሚሆነው የሉዊዝ ፏፏቴ ቁልቁል ይወረወራል። ጥልቅ ሸለቆ አቋርጦ በስሙ በተሰየመችው የሄይ ሪቨር ከተማ በኩል ግሬት ስሌቭ ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ የሚወጣው የማኬንዚ ወንዝ ውኃውን እስከ አርክቲክ ውቅያኖስ ያደርሰዋል።

የወንዙ ዋነኛ ችግር ከአፈሳሰስ አቅጣጫው ይመነጫል። በጸደይ ወራት ሞቃታማ በሆነው ደቡባዊ ክፍል በረዶው ቀድሞ ሲቀልጥ፣ በሰሜን የሚገኘው የወንዙ አፍና ሐይቁ ገና እንደረጉ ይቆያሉ። ከላይ የሚመጣው ውኃና የበረዶ ስባሪ በደለላማው መሬት ላይ ስለሚከማች ወንዙ እንደተገደበ ሆኖ ይሞላል።

እ.ኤ.አ. በ1963 በደረሰው ጎርፍ ሳቢያ የከተማዋ ዋና ክፍል ከወንዙ አፍ ወደ ከፍተኛ ስፍራ እንዲዛወር ተደርጓል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ጎርፉ አዲሱን ሰፈር ጭምር በማጥለቅለቁ፣ ነዋሪዎች በሙሉ ከተማዋን ለቀው እንዲወጡ ታዟል።

የጎርፉ መነሻ በላይኛው ተፋሰስ በመሆኑ፣ የታችኛው አካባቢ ማስጠንቀቂያ በላይኛው የውኃ መለኪያ ጣቢያዎች መረጃ ላይ ይመሠረታል። የማኬንዚ ተፋሰስ ተጋሪ ግዛቶችና የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1997 ማዕቀፍ ስምምነት ሲፈራረሙ፣ ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስም እ.ኤ.አ. በ2015 ከአልበርታና ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጋር የሁለትዮሽ የውኃ አስተዳደር ስምምነቶችን ተፈራርሟል። የአስተዳደር ወሰንን ሦስት ጊዜ የሚሻገረው ሄይ፣ አንድን ወንዝ በጋራ መከታተል ለሕዝብ ደኅንነት ያለውን ፋይዳ በግልጽ ያሳያል።