የአንጀት ካንሰር ምርመራ፦ ለሁሉም እኩል ወይስ እንደየሰዉ?

የአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ለሁሉም ሰው በአንድ ዕድሜ ይጀመር ወይስ እንደየሰዉ የአደጋ መጠን ይለያይ? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 መነሻ ዕድሜውን ከ50 ወደ 45 ስታወርድ ብዙ ሰው ተጠቀመ፤ ጥያቄው ግን አልተፈታም። አባቱ በ48 ዓመቱ በዚሁ ካንሰር የሞተበት ሰውና በቤተሰቡ ምንም ያልታየበት ሰው ዛሬም ዕድሜያቸው አንድ ስለሆነ ብቻ እኩል አይደሉም።

ይለያይ የሚሉት ወገኖች በቂ ምክንያት አላቸው። ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም አንጀትን በካሜራ ማየት፣ ሆድን ማጠብ፣ ከሥራ መቅረትና ወደ ቤት የሚሸኝ ሰው ማግኘት ይጠይቃል። አልፎ አልፎ አንጀት ሊደማ ወይም ሊበሳ ይችላል። ባለሙያውም ውሱን ነው። እንግዲህ አደጋው የከፋበት ቀደም ብሎና ቶሎ ቶሎ ይታይ፣ ሌላው ይቆይ ነው ነገሩ። በዚህ እስማማለሁ። የሚያሳስበኝ አደጋው የሚለካበት መረጃ ነው።

በአሜሪካ ዋናው መለኪያ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ 60 ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ ካንሰር የተያዘበት ሰው በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ በቀደመው እንዲጀምርና በየ5 ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ እንዲያደርግ ይመከራል። ምክሩ ትክክል ነው። የሚጠቅመው ግን ዘመዱ ምን እንደታመመ ለሚያውቅ ሰው ነው።

እኛ ዘንድ ስንቱ ያውቃል? አባት «ሆዱን ታሞ ሞተ» ይባላል። ደም ሲታይ «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ይታለፋል። መመርመሪያ በሌለበት ወረዳ የታመመ ሰው በሽታው ስም ሳያገኝ ይቀበራል። አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የተመረመረም ቢሆን ውጤቱ ለታላቅ ወንድም በጆሮው ይነገርና ልጆቹ እንዳይሰሙ ይደበቃል። ከዓመታት በኋላ ሜሪላንድ ያለው ልጅ ክሊኒክ ገብቶ ቅጽ ሲሞላ፣ በቤተሰብ ካንሰር አለ ወይ ለሚለው «የለም» ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ሐኪሙም አደጋው ዝቅተኛ ነው ብሎ ይይዘዋል። አለማወቅ እንደ ጤና ተቆጠረለት። የዚህን ካንሰር አደጋ የሚጨምረውና በዘር የሚተላለፈው ሊንች ሲንድረም እንኳ በሀብታም አገሮች አብዛኞቹ ተሸካሚዎቹ ሳያውቁት የሚኖሩት፣ የዘር ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በሽታው ከታወቀለት ዘመድ ስለሆነ ነው።

ተገቢው ትኩረት ያልተሰጠው ሌላ መረጃ አለ። በሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም የሚፈልገው ምርመራ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ካንሰር ወይም ወደ ካንሰር ሊያድግ የሚችል ፖሊፕ የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል፤ «ደህና ነህ» ከተባሉት መካከልም ቢሆን። ለታካሚው የሚደርሰው ግን ወሰኑን አልፏል ወይም አላለፈም የሚል መልስ ብቻ ነው። ወሰኑ ራሱ ደግሞ ከሳይንሱ ይልቅ የኮሎኖስኮፒ አቅምን የሚከተልበት ጊዜ ብዙ ነው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 በአንድ ግራም ሰገራ 80 ማይክሮግራም ስትል፣ እንግሊዝ በ2019 በ120 ጀመረች። ያኔ 100 የተገኘበት ሰው ኤድንብራ ቢኖር ለኮሎኖስኮፒ ይጠራ ነበር፤ ለንደን ቢኖር ከ2 ዓመት በኋላ ተመለስ ይባል ነበር። ኔዘርላንድስም በ2014 በ15 ጀምራ፣ የሚጠራው ሰው ከታሰበው በላይ ሲበዛባት በዚያው ዓመት ወደ 47 ከፍ አደረገችው። በአንጻሩ ስቶክሆልም ለሴቶች 40፣ ለወንዶች 80 ብላ ለያይታለች፤ እንደየሰው መለየት በተግባር እንደሚቻል አንድ ማሳያ ነው።

ስለዚህ መለየቱ ከዚህ ቁጥር ቢጀምር ይሻላል እላለሁ። ምንም ደም ያልተገኘበት ቢቆይ፣ ከወሰኑ ጥቂት ዝቅ ያለው ቶሎ ቢመለስ ያስኬዳል። ቁጥሩ የሟች አባትን የሕክምና ወረቀት አይጠይቅም። በቤተሰቡ ይህ ካንሰር መኖሩ የሚታወቅ ሰው ግን ወደ ኮሎኖስኮፒው ይሂድ፤ የሰገራው ምርመራ ለእሱ ምትክ አይሆንም።

እስከዚያው፣ ቅጹ ላይ እርግጠኛ ካልሆኑ «የለም» አይበሉ፤ «አላውቅም» ብለው ለሐኪሙ ይንገሩት። እናትዎን ወይም አክስትዎን ደውለው አባትዎ ምን ታመው፣ በስንት ዓመታቸው እንደሞቱ ይጠይቁ። ከሰገራ ጋር ደም ካዩ ደግሞ ዕድሜዎ ስንትም ይሁን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ቅድመ ምርመራ ምልክት ለሌለው ሰው ነው።