ሞተርሳይክል ደጋ ስትወጣ

በባሕር ጠረፍ ፈጥና የምትሮጥ ባለ ካርቡሬተር ሞተርሳይክል አዲስ አበባ ስትደርስ ትደክማለች፤ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትነዳማ ጥቁር ጭስ እየተፋች ታቃስታለች። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚለጠፈው በሞተሩ ላይ ነው። ፒስተኑ አርጅቷል፣ ቤንዚኑ ውኃ ገብቶበታል ይባላል። እኛ ግን አንባብያን ከሁሉ አስቀድመው አየሩን እንዲጠረጥሩ እንጋብዛለን።

አዲስ አበባ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ እንደ ወትሮው ሞልቶ ቢስብም የሚያገኘው ኦክስጅን በሩብ ያነሰ ይሆናል።

ቤንዚኑ በዚያው ልክ ቢቀንስ ኖሮ ችግሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን አይቀንስም። አየር በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ ቤንዚኑም መካከሏ በተበሳች ትንሽ የናስ ቡሎን በኩል ተስቦ ይወጣል። የሚወጣው ቤንዚን መጠን የሚከተለው የግፊቱን ልዩነት ሳይሆን የልዩነቱን ዳግም ዘር ነው። ስለዚህ የአየሩ እፍግታ ወደ 0.75 ሲወርድ የቤንዚኑ ፍሰት የሚወርደው ወደ 0.87 ብቻ ነው። በባሕር ጠረፍ ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 13 ኪሎ ግራም አየር የነበረው ድብልቅ አዲስ አበባ ላይ 11.3 ይሆናል። ትርፉ ቤንዚን በወጉ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል።

መድኃኒቱ ቀዳዳዋን ማጥበብ ነው። የቀዳዳዋ ስፋት በ13 በመቶ ይቀንስ ማለት ዲያሜትሯ በ7 በመቶ ይነስ ማለት ነው። ቁጥሩ የሚሊሜትር መቶኛ በሆነባቸው ካርቡሬተሮች በ110 ፋንታ 102 ወይም ለዚያ የቀረበውን መምረጥ ይገባል። ሆኖም ይህች ቡሎን በዋናነት የምትገዛው ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ሲሰጥ ያለውን ሁኔታ ነው። መካከለኛውን መርፌው፣ ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲዞር ያለውን ደግሞ በጎን ያለችው ማስተካከያ ብሎን ይወስናሉ። ሦስቱን ባንድ ጊዜ የሚነካካ ሰው የትኛው እንዳሻለው ሳያውቅ ይውላል።

ድብልቁ ቢስተካከልም የጎደለው ኦክስጅን አይመለስም። እዚህ ላይ የሰንሰለቱ ጥርስ ይረዳል። የፊተኛው ክብ 15፣ የኋለኛው 42 ጥርስ ቢኖራቸው ምጥጥኑ 2.8 ነው፤ የፊተኛው በ14 ቢለወጥ 3 ይሆናል። ጎማው መሬቱን የሚገፋበት ኃይል በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በዚያው የሞተር ዙር የሚገኘው ፍጥነት ግን በዚያው መጠን ገደማ ይቀንሳል። የተፈጠረ አዲስ ጉልበት የለም። ፍጥነት ፈልገው የፊተኛውን ጥርስ የሚያበዙ ጎረምሶች አሉ፤ በደጋ አየር ግን ሞተሩ የመጨረሻውን ማርሽ መጎተት ስለሚያቅተው ከቀድሞው ባነሰ ፍጥነት ሲያዘግሙ ይታያሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የመልሱ ጉዞ ነው። ለአዲስ አበባ በ13 የተስተካከለው ድብልቅ፣ ቡሎኗ ሳትለወጥ ባሕር ጠረፍ ቢወርድ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ ወደ 15 ይጠጋል። እንዲህ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ በሙሉ ጉልበት ሲነዳ ሞተሩን ከልክ በላይ ያግለዋል። ድብልቁም ያለ ጊዜው መፈንዳት ይጀምራል፤ ሲብስም የፒስተኑ አናት ሊቀልጥና ሊበሳ ይችላል። ጥቁር ጭስ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ይህ ግን ጭስ የለውም፤ እንዲያውም ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ጥርት ብሎ ሊሠራ ይችላል። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ወደ ነጭ ካደላ ጉዞው መቋረጥ አለበት። ስለዚህም መካኒኩ ያወጣትን የቀድሞዋን ቡሎን ተቀብሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከመቀመጫው ሥር ካለው የመሣሪያ ቦርሳ ማኖር ያስፈልጋል። ቁልቁለቱ ሲያበቃ፣ ሞተሩ ሲበርድ፣ ቡሎኗን መልሶ ለማሰር የሚያስፈልገው ጠመንጃ መፍቻና ትንሽ ትዕግሥት ነው።